ከስግደት መልስ

ባለፈው ስቅለት ቀኑን ሙሉ ስንሰግድ ውለን፣ ካህናቱ በወይራ ጠብጥበውን፣ ጌታ ለሰቀሉት ሰዎች ምሕረት መለመኑን ሰምተን ወጣን። ገና መኪና ማቆሚያው ሳንደርስ አንድ የመርሐቤቴ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ቲክቶክ ላይቭ ከፈተ። ተናጋሪው ደም ይመለስ እያለ ይጮኻል፤ ከገዳዩ አልፎ ወንድሙን፣ ዘመዱን፣ የመንደሩን ሰው ሁሉ ይጨምራል። አጠገባችን የነበሩ እናት «ኧረ ተው ልጄ፣ ዛሬ እኮ ስቅለት ነው» አሉት። «እማማ፣ እርስዎ አልገባዎትም» አላቸውና ለተናጋሪው አንበሳ የሚባለውን የቲክቶክ የገንዘብ ስጦታ ላከ።

ሐዘኑ ይገባኛል። በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሣበት ከ2015 ክረምት ወዲህ ወደ መሐል ሜዳም ሆነ ወደ ዓለም ከተማ የደወለ ሰው የሚሰማው መርዶ ነው። የማይገባኝ የእኛ ድፍረት ነው። እዚህ አሜሪካ ተቀምጠን በቀል እናውጃለን፤ እርቅ ያለውን ሰው ባንዳ ብለን ከማኅበር እናስወጣለን።

መንዝ ውስጥ ደም ሲፈስ ምን ይደረግ እንደነበር እኮ ታውቃላችሁ። ገዳይ አገር ጥሎ ይሸሻል። ሽማግሌዎችና ቄሶች መስቀል ይዘው ከሟች ቤት ደጅ ይቆማሉ፤ ይባረራሉ፣ ነገ ተመልሰው ይመጣሉ። በዚያ ውርጭ ባናቸውን ተከናንበው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ይውላሉ። በመጨረሻ ገዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ከሟች ወገን እግር ላይ ይወድቃል፤ ካሣ ይቆረጣል፤ ይማማላሉ፤ አብረው ይበላሉ። የሟች ደም ቀሎባቸው አልነበረም። የነፍስ አባት ቂም የያዘን ሰው ወደ ቁርባን አያስጠጉም፤ የሟችና የገዳይ ልጆችም ከአንድ ምንጭ ነው ውኃ የሚቀዱት። እኛ ከዚያ ምንጭ አንቀዳም፤ አፋችን የተፈታው ለዚህ ነው።

በደል ከተባለ አመጸኛ ዋሻን አስቡ። ሚያዝያ 1931 ዘረት ላይ ጣሊያን ከሴት ከሕፃን ጋር ዋሻ የገቡትን አርበኞች በመርዝ ጋዝ ፈጀ፤ እጃቸውን የሰጡትንም ረሸነ። ሁለት ዓመት አልፎ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933፣ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዘዙ። የራስ አበበ አረጋይ ሰዎች፣ የመንዝና የመርሐቤቴ ልጆች፣ ጠመንጃቸው በእጃቸው ነበር። ከተማዋ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ጣሊያናውያን ነበሩ። የተፈራው እልቂት አልሆነም። ፍርድም አልተረሳም፤ ኢትዮጵያ ግራዚያኒና ባዶሊዮ በጦር ወንጀል እንዲጠየቁ ለዓመታት ደጅ ጠንታለች። ገዳይን ፍርድ ቤት ማቆም አንድ ነገር ነው፤ ምንም የማያውቀውን የገዳይ መንደር ልጅ ማስገደል ግን ኃጢአት ነው።

እርቅ አላየንም እንዳንል ደግሞ አይተናል። ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ተለያይተው የኖሩት የሁለቱ ሲኖዶስ አባቶች ሐምሌ 2010 እዚሁ ዋሽንግተን ሲታረቁ፣ በስደት የነበሩት ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስም ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ እልል ብለን አላለቀስንም? ያ እንባ የት ገባ?

ልጃችሁ በትምህርት ቤት አውቶቡስ ሄዶ በሰላም ይመለሳል። ደም ይመልስ የምትሉት የጌራ ምድር ወጣት ግን ገብሱን ሳያጭድ ነው የሚሄደው። ሲሞት እናቱን ማን ያረዳታል? ላይቭ የከፈተው ሰውዬ? አንበሳ የላከው የአገሬ ልጅ? ያ ገንዘብ አባታቸው ለሞተባቸው ልጆች ደብተርና ጫማ ይገዛ ነበር። ለመጪው ፋሲካ ልትቆርቡ ያሰባችሁ ደግሞ፣ በዚያ ላይቭ የጻፋችሁትን አንድ ሳታስቀሩ ቀድማችሁ ለነፍስ አባታችሁ ንገሩ።