ያልተጻፈው የሽቦ ዙር

የመጠገን መብት ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ስልክና የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው። ሕጉ የት ላይ እንደሚጎድል ጎልቶ የሚታየው ግን ጥቂቶች ብቻ በሚያውቁት አንድ የቆየ ዕቃ ላይ ነው።

ዕቃው ኳድ ኢኤስኤል የተባለው የእንግሊዝ ድምፅ ማጉያ ነው። በሀንቲንግደን ከተማ የነበረው የፒተር ዎከር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1957 ለገበያ አቀረበው፤ እስከ 1985 ድረስም ተመረተ። ሲያዩት የክፍል ማሞቂያ ይመስላል። እንደ ተራው ስፒከር ማግኔትና የወረቀት ኮን የለውም። ድምፁን የሚያወጣው ቀዳዳ ባላቸው ሁለት ሰሌዳዎች መካከል የተወጠረ፣ ከፀጉር የሳሳ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩ በሺዎች በሚቆጠር ቮልት ይሞላል፤ ሙዚቃው ደግሞ ወደ ሰሌዳዎቹ ይላካል። ፕላስቲኩ በሰሌዳዎቹ እየተሳበና እየተገፋ አየሩን ያንቀሳቅሳል። ኤሌክትሮስታቲክ የተባለውም ለዚህ ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። ከአምፕሊፋየር የሚወጣው በአሥሮች የሚቆጠር ቮልት ነው፤ ሰሌዳዎቹ የሚፈልጉት ግን ሺዎችን ነው። ይህን ክፍተት የሚሞላው ቮልት ከፍ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ነው። እሱ ከተቃጠለ ድምፅ ማጉያው የቤት ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ደግሞም ይቃጠላል። በቀጫጭኑ የሽቦ ንብርብሮች መካከል ያለው መከላከያ በዓመታት ብዛት ይደክምና አንድ ቀን ብልጭታ ይሻገረዋል።

"ሌላ ገዝቶ መተካት ነዋ!" የሚል ይኖራል። ነገር ግን ይህ እንደ አምፖል ከሱቅ ተገዝቶ የሚቀየር አይደለም። ለመብራት የተሠራ ትራንስፎርመር የሚያውቀው በሴኮንድ 50 ንዝረት ብቻ ነው። ይሄኛው ከወፍራሙ የባስ ድምፅ ጀምሮ በሴኮንድ እስከ 20,000 ንዝረት የሚጠጋውን ቀጭን ድምፅ ሁሉ ማሳለፍ አለበት። ወፍራሙ ድምፅ ትልቅ የብረት እምብርትና ብዙ የሽቦ ዙር ይፈልጋል፤ ለቀጭኑ ደግሞ ዙሩ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ሁለቱ አይስማሙም። የሚያስታርቃቸው የዙሩ ቁጥር፣ የንብርብሩ አደራደርና በመካከል የሚገባው መከላከያ ነው። በግምት የሚሠራ ደግሞ ዋጋ ይከፍላል፤ ቮልቱ የሚያድግበት ምጥጥን እጥፍ ቢሆን አምፕሊፋየሩ ላይ የሚያርፈው ጭነት በእጥፍ ሳይሆን በአራት እጥፍ ያድጋል። ያን መሸከም ያልቻለ አምፕሊፋየር አብሮ ሊቃጠል ይችላል።

ከአያያዝ ይቀደዳል እንዲሉ፣ ትክክለኛው ትራንስፎርመር ቢገኝ እንኳ አገጣጠሙ ሊያበላሸው ይችላል። ከባድ ስለሆነ በቡሎን በደንብ ካልጠበቀ ይንቀጠቀጣል፤ ንዝረቱም ከሙዚቃው ጋር ይሰማል። ለመብራቱ ከተገጠመው ትራንስፎርመር ጋር ከተጠጋ የመብራቱን እምምታ ይቀበላል። የከፍተኛ ቮልት ሽቦዎቹ ከብረቱ ክፈፍ መራቅ አለባቸው። የብየዳው ጫፍ ሹል ሆኖ ከቀረ ኤሌክትሪኩ ወደ አየር ያመልጣል፤ ስለዚህ ክብ ተደርጎ ይለሰልሳል። የአንዱ ድምፅ ማጉያ ሽቦ ተገልብጦ ከተገጠመ ደግሞ አንዱ የሌላውን ድምፅ እያጠፋ ባሱ ይሟሽሻል።

ታዲያ ጠጋኙ ይህን ሁሉ ከየት ያውቃል? ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። ትራንስፎርመር ከውጭ ታይቶ አይቀዳም። ምስጢሩ ከውስጥ ተጠቅልሎ፣ ብዙ ጊዜም በሰም ወይም በሬንጅ ተደፍኖ ነው ያለው። የአምራቹ ወረቀት ከሌለ የሚቀረው የተቃጠለውን ፈትቶ ዙሩን አንድ በአንድ መቁጠር ነው። ኳድ ዕድለኛ ነው፤ የኤሌክትሪክ ንድፉ ይታወቃል፣ በአውሮፓም እሱን በመጠገን የሚተዳደሩ ትንንሽ ወርክሾፖች አሉ። ከ60 ዓመት በላይ ያስቆጠሩት ዛሬም የሚሠሩት ጠንካራ ስለሆኑ ብቻ አይደለም። ተከፍተው ሊጠገኑ ስለቻሉና ዕውቀቱ ስላልጠፋ ነው። ፋብሪካው ተዘግቶ ወረቀቱ የጠፋበትን ዕቃ የገዛ ሰው ግን ይህ ዕድል የለውም።

ሕጉስ ምን ይላል? ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2021 ጀምሮ የማጠቢያ ማሽን፣ የማቀዝቀዣና የቴሌቪዥን አምራቾች መለዋወጫ እንዲያቀርቡ አስገድዳለች። የአውሮፓ ኅብረትም በጁን 2024 የመጠገን መብት መመሪያ አውጥቷል፤ አባል አገራት ከጁላይ 31 ቀን 2026 ጀምሮ ሊሠሩበት ይገባል። ሁለቱም በጎ እርምጃ ናቸው። ሁለቱም ግን የሚመለከቷቸውን ዕቃዎች በዝርዝር ያስቀምጣሉ፤ ድምፅ ማጉያ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ መለዋወጫ የማቅረቡ ግዴታ የጊዜ ገደብ ያለው መሆኑ ነው። ጊዜው ሲያልፍ ወይም ኩባንያው ሲዘጋ የዕቃው ንድፍ የት ይገባል? ከባለቤቱ ጋር አብሮ ይቀበራል።

አምራቾች ሁለት መከራከሪያ አላቸው። አንደኛው አደጋ ነው። እውነት ነው፣ ይህ ዕቃ ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ ኃይለኛ ቮልት ሊቆይ ይችላል፤ ሥራውን ያልተማረ ሰው ሊነካው አይገባም። ነገር ግን የተቸገረ ሰው ንድፍ ኖረም አልኖረም ይከፍተዋል። ሰውን የሚያድነው አደጋው የት እንዳለ የሚያሳይ ወረቀት ነው እንጂ ወረቀቱን መደበቅ አይደለም። ሁለተኛው የንግድ ምስጢር ነው። ዕቃው በሽያጭ ላይ እያለ ይህ ተገቢ ክርክር ነው። ምርቱ ከቆመ ከብዙ ዓመት በኋላ ግን ምስጢሩ የሚጠበቀው ከየትኛው ተፎካካሪ ነው?

ይህ የሀብታም አገር ሙዚቃ ወዳጆች ጣጣ ብቻ የሚመስለው ካለ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የተቃጠለ ሞተር እንደገና የሚጠቀልሉትን ባለሙያዎች ሥራ ይመልከት። እነሱም ፈትተው፣ ቆጥረው፣ ሽቦውን ለክተው ነው የሚሠሩት። አብዛኛው ማሽን ከውጭ በሚገባበት አገር የአንዲት ወረቀት መጥፋት ሙሉ ማሽን ያስጥላል።

ስለዚህ የመጠገን መብት መለዋወጫ በመሸጥ ብቻ ሊያበቃ አይገባም። አምራች ምርቱን ሲያቆም የሽቦውን ውፍረት፣ የዙሩን ቁጥር፣ የመከላከያውን ዓይነትና የአገጣጠሙን ንድፍ ለሕዝብ እንዲተው ሕግ ሊያስገድደው ይገባል። ለትራንስፎርመር ይህ ከጥቂት ገጾች አይበልጥም። ፋብሪካ ቢዘጋም ዕቃው በሰው ቤት ይኖራል፤ ዕውቀቱም አብሮት መኖር አለበት።