ለጀማሪው ጊታር፣ ትዝታ ይቅደም

ጊታር ለመማር የተነሣ የአምቦ፣ የጉደር ወይም የጊንጪ ወጣት፣ ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ ዝግ ያለ የፍቅር ዘፈንና እርሱን የሚያጅቡትን ሦስት አራት ኮርዶች አስቀድሞ መቀበሉ የተለመደ ነው፤ ይህንም ልማድ ፈጽሜ ባልነቅፈውም፣ ቃሉን በማያውቀው ቋንቋ፣ ዜማውንም ጆሮው ባላደገበት ስልት የሚጀምር ተማሪ፣ የጣቱ ጫፍ በክሩ መቁሰሉ ሳያንሰው፣ ልቡናውም አብሮ ይደክማል እላለሁ።

መሣሪያው ግን ለእኛ ቅኝት ባዕድ አይደለም። ስድስቱ ክሮች ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ተብለው ሲቃኙ፣ ሚ ሁለት ጊዜ ስለሚመጣ የድምፆቹ ዓይነት አምስት ብቻ ነው፤ እነዚህንም ከሶል ጀምሮ በተርታ ላስቀመጣቸው ሰው፣ በክራር የምናውቀው ትዝታ ሜጀር ሳይጎድል ሳይተርፍ ይገኝለታል። አጨዋወቱም ቀላል ነው፦ ሦስተኛው ክር ክፍቱን ሶል፣ በሁለተኛው ፍሬት ሲጫኑት ላ፤ ሁለተኛው ክር ክፍቱን ሲ፣ በሦስተኛው ፍሬት ሬ፤ አንደኛው ክር ክፍቱን ሚ። ከአምስቱ ድምፆች ጣት የሚሹት ሁለቱ ብቻ ናቸው! ለማጀቢያም ሶል ሜጀርና ሚ ማይነር ይበቃሉ፤ ሁለቱም ከእነዚሁ ድምፆች የተሠሩ ናቸውና።

በጆሮ መጀመር አዲስ ነገር አይደለም፤ የዜማ ቤት መምህራንም ደቀ መዝሙሩን በምልክት አያስጨንቁትም፤ አስቀድሞ ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ በቃሉ ያጠናል፣ የድጓውን ምልክት ማንበብ በኋላ ይከተላል። ዜማ መሣሪያን እንደሚቀድም የአምቦው ተወላጅ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳም ምስክር ነው፤ በ17 ዓመቱ ታስሮ አምስት ዓመት በእስር በቆየበት ዘመን፣ በ2009 እ.ኤ.አ. ለወጣው «ሰኚ ሞቲ» ለተባለው የመጀመሪያ አልበሙ አብዛኞቹን ዘፈኖች በዚያው ደርሷልና።

እንግዲህ በየከተማው ጊታር የምታስተምሩ ሁሉ፣ የመጀመሪያውን ወር ለትዝታ ስጡ፤ ተማሪው በአፋን ኦሮሞም ሆነ በአማርኛ ከልጅነቱ የሚያውቀውን አንድ ዝግ ያለ ዘፈን ራሱ ይምረጥ፣ እያዜመም ዜማውን በእነዚያ ሦስት ቀጫጭን ክሮች ላይ ይፈልገው። ወደ ሐሮ ወንጪ ለሽርሽር ጊታር ይዞ የሚወጣውም ወጣት፣ ባልንጀሮቹ አብረውት ሊያዜሙት የሚችሉትን ያንን ዘፈን ቢያስቀድም ይሻላል። የባሕር ማዶው ዘፈን ከዚያ በኋላ ይምጣ።