ክፍሏ ከመከራየቷ በፊት

ባለፈው ወርኃዊ ስብሰባ ላይ እንደተሰማው፣ ከማኅበራችን ዕቃ ቤት ጎን ያለችው ክፍል ለንግድ ትከራይ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ውሳኔው ለሚመጣው ስብሰባ ተላልፏል። ሐሳቡን ያቀረቡት ሰዎች ለማኅበሩ አሳቢዎች ለመሆናቸው ጥርጥር የለንም። ድንኳኑ ተቀዷል፤ የአግዳሚ ወንበሮቹ እግር እየወለቀ ነው፤ ለለቅሶ የሚወጣው ትልቁ ብረት ድስትም አንድ ጆሮው ከተሰበረ ሰነበተ። ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ይህን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ እኛ ክፍሏ እንዳትከራይ እንጠይቃለን። ምክንያታችን አጠር ያለ ስላልሆነ፣ ሰሌዳው ፊት ቆማችሁ የምታነቡ ሁሉ እንግዲህ ፀሐዩን ቻሉት።

በክፍሏ ውስጥ ምን እንደሚሠራ የማታውቁ ትኖሩ ይሆናል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ፣ ጥቂት እናቶች፣ ጥቂት ልጃገረዶችና ሁለት ጡረተኞች በእጃቸው የጀመሩትን ሥራ ይዘው ይሰበሰባሉ። አንዷ እንዝርት፣ አንዷ የዳንቴል ኪሮሽ፣ አንዷ ወስፌና አለላ ትይዛለች። ከጡረተኞቹ አንዱ ከወይራ እንጨት ማንኪያ ይጠርባሉ። ሌላው አንድ አሮጌ ራዲዮ ፈትተው ይገጥማሉ፤ ስንት ጊዜ እንደፈቱት እሳቸውና እግዜር ያውቃሉ፣ እስካሁን ግን ድምፁን አልሰማንም። ቡና ይፈላል። ይህ ሁሉ የተጀመረው በማንም ትእዛዝ አይደለም፤ ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ስንደዶ የምትዘረጋበት ቦታ አጥታ ቁልፉን ብትለምን ነው።

«ታዲያ በየቤታቸው አይሠሩም ወይ?» ያሉን አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የእጅ ሥራ እንደ ስሙ የቤት ሥራ ነበር፤ ቤት ሲባል ግን ግቢም ጭምር ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታ ከተጀመረ ወዲህ ብዙዎቻችን ከግቢ ወደ ፎቅ ወጥተናል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ደግሞ ከነባር ሰፈሮች የተነሡ ጎረቤቶች ተጨምረውልናል። ቤቱ ቤት ነው፤ ውሃውም መጸዳጃውም እዚያው ከውስጥ ነው፤ አናማርርም። ነገር ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ጥጥ ንደፉና እዩት! ብናኙ ከአልጋው እስከ ወጥ ድስቱ ይደርሳል። አንዲት እናታችን በደጋን ጥጥ ሲነድፉ ታች ያለው ጎረቤት «ምንድን ነው የሚመታው?» ብሎ ቢወጣባቸው፣ አፍረው ደጋኑን ከቁም ሳጥን ኋላ ሸጎጡት። ዓመት ያህል እዚያው ቆየ። የልጅ ልጃቸው አንድ ቀን አግኝቶት «እማማ፣ ይሄ ክራር ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸው ይህን ሲያወሩ ይስቃሉ፤ እኛም አብረን ሳቅን፤ ኋላ ግን ነገሩ ከነከነን።

ፈትል ምን ያህል ሥራ እንዳለው ለማያውቅ ወጣት መናገር ያስፈልጋል። ጥጡ ከፍሬው ይላቀቃል፤ ይነደፋል፤ ባዘቶ ይሆናል፤ ከዚያ በእንዝርት ይፈተላል። ዛሬ ድሩ በአብዛኛው የፋብሪካ ክር ነው፤ ማጉን ግን አሁንም በእጅ የሚፈትሉ እናቶች አሉ፤ ጋቢው ለስለስ የሚለውም በዚህ ነው። ጋቢ አራት ድርብ ነውና ማጉ ብዙ ነው፤ በትርፍ ጊዜዋ ለምትፈትል ሴት ወራት ይፈጃል። ፈትሉ ሲያልቅ ለሸማኔ ይሰጣል፤ እሱም የራሱን ድካም ይጨምርበታል። ሽሮ ሜዳ ሄዶ ያለቀለትን መግዛት እንደሚቻል እናውቃለን፤ እኛም ገዝተን እናውቃለን፤ የሸማኔዎቹን ሙያ አናጣጥልም። ነገር ግን ልጅ ስትዳር እናቷ የፈተለችው ጋቢ ሲሰጣትና የተገዛ ሲሰጣት አንድ አይደለም። ለምን አንድ እንዳልሆነ ማስረዳት ቢያቅተንም አንድ አይደለም።

አሁን ደግሞ አንድ ያየነውን ነገር እንንገራችሁ። ስም አንጠራም፤ የሚያውቁት ያውቁታል። በፍሳሽ ቦይ ምክንያት የተኳረፉ ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ፤ ሽማግሌ ተልኮ ያልሆነ ነገር። አንድ ቅዳሜ አንደኛዋ የሹራብ ክር በቱባው ገዝታ መጣች። ቱባ ክር ለብቻ አይጠቀለልም፤ አንድ ሰው ሁለት እጁን ዘርግቶ መያዝ አለበት። በዚያ ሰዓት እጇ ባዶ የነበረው ያቺው የተኳረፈቻት ብቻ ነበረች። ምን ይደረግ? ዘረጋች። ክሩ ከመጀመሪያው የተወሳሰበ ነበርና ጥቅለላው ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ፤ እጇ የታሰረ ሰው ደግሞ ተነሥታ መሄድ አትችልም። መጀመሪያ «ላላ አድርጊው»፣ «ጠበቅ አድርጊው» ብቻ ነበር። ቀጥሎ ስለ ክሩ ዋጋ ሆነ፤ ቀጥሎ ስለ ልጆቹ ትምህርት። ስለ ቦዩ የተነሣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም ሁለቱም ዓይናቸውን ከክሩ ሳይነቅሉ። ቦዩ አሁንም በክረምት ይሞላል፤ አብረው ይጠርጉታል። ፊት ለፊት ተቀምጦ የማይባል ነገር እጅ ሥራ ይዞ ሲሆን ይባላል፤ ዓይን ሌላ ቦታ ነዋ!

«የእጅ ሥራ መማር የሚፈልግ ከስልክ ላይ አይቶ ይማር» የሚል ክርክርም ሰምተናል። እውነት ነው፣ ከስልክ ይማራሉ፤ ከልጃገረዶቹ መካከል እኛ የማናውቀውን የዳንቴል ዓይነት ከስልክ አይታ ያስተማረችን አለች። ግን መሶብ የጀመረችውን ልጅ ያየ ሰው ስልኩ የት ላይ እንደሚያንስ ያውቃል። የስፌት ከባዱ አጀማመሩ ነው፤ እምብርቱ ከተጣመመ ሁሉም ይጣመማል። ሦስት ጊዜ ጀመረች፣ ሦስት ጊዜ ፈታች፣ አለቀሰችም። አጠገቧ ያሉት እናት ምንም አላሉም። የልጅቱን ጣት ያዝ አድርገው እንዴት እንደሚሳብ በእጃቸው አሳዩዋት፤ አራተኛው ቀና። በስልኩ ላይ ያለችው ሴትዮ ጣት አትይዝም።

ጊዜ የለንም የሚሉም አሉ። ቅዳሜ ወፍጮ ቤት አለ፣ ገበያ አለ፣ የልጆች ልብስ አጠባ አለ። ይህንንም አንክድም። ይሁንና ሳናስተውለው የቀለለልን ነገር አለ። ድሮ የስልክና የውሃ ሂሳብ ለመክፈል ግማሽ ቀን ተሰልፈን እንውል ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ብዙው ክፍያ ቁጭ ባልንበት ያልቃል። ያ የተረፈን ግማሽ ቀን የት ገባ? እኛ ራሳችንን ፈትሸን ያገኘነው መልስ ያሳፍራል፤ ስልኩ በአንድ እጁ ሰጥቶ በሌላው መልሶ ወስዶታል። ወንዶች በተለይ አትቆጡን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኳስ የተያዘ መሆኑን እናውቃለን። ኳሱ ደግሞ እጅን ባዶ ይተዋል፤ ማንኪያ እየጠረቡ ኳስ መስማት ይቻላል፤ ራዲዮው የተሠራ ዕለት።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንመለስ። የእጅ ሥራው ገንዘብ ያመጣል ብለን አንዋሽም። አንዳንድ ጊዜ አንድ ዳንቴል ይሸጣል፤ የክሩን ዋጋ ብትቀንሱለት የሚተርፈው ለስኳር ነው። ስለዚህ ክፍሏ ብትከራይ የሚገኘውን ያህል እናገባለን ብለን ቃል አንገባም። ቃል የምንገባው የምንችለውን ነው። የድንኳኑን ትንንሽ ቀዳዳዎች በወስፌና በሲባጎ እኛው እንጥፋለን፤ በጣሪያው በኩል ያለው ትልቁ ቅዳጅ ግን ከእጃችን በላይ ስለሆነ ሸራ ሰፊ ዘንድ መሄድ አለበት። የወንበሮቹን እግር ማንኪያ ጠራቢው አባታችን ለመጠገን ተስማምተዋል፤ ሳንቃውን ብቻ ግዙልኝ ብለዋል። የድስቱ ጆሮ በያጅ ይፈልጋል። ለሸራ ሰፊው፣ ለሳንቃውና ለብየዳው አንድ ጊዜ ብቻ መዋጮ ቢደረግ ይበቃል እንላለን፤ መዋጮ የሚለው ቃል ፊት እንደሚያስጠቁር እያወቅን።

ደግሞም አንድ የተዘነጋ ነገር አለ። ለቅሶ በቀጠሮ አይመጣም። ሌሊት ሰው ሲሞት ሽንኩርት የሚከተፈው፣ ዝናብ ሲዘንብ ወጥ ሠሪዎች የሚጠለሉት በዚያች ክፍል ነው። ተከራዩ ዕቃውን ሞልቶ ቆልፎባት ሲሄድ፣ በሌሊት ደውለን «ወንድሜ፣ ሐዘን ደርሶብናልና ዕቃህን አውጣልን» ልንለው ነው? ኪራዩን የደገፉት ወንድሞችና እህቶች ይህን በስብሰባው ላይ ቢመልሱልን ደስ ይለናል፤ የተሻለ መልስ ካላቸውም እንሰማለን።

ስብሰባው የሚመጣው እሑድ በአራት ሰዓት በግቢው ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት ቅዳሜ መጥታችሁ ክፍሏን ራሳችሁ እንድታዩ እንጋብዛለን። ቁልፉ ዕቃ ቤቱን ከሚጠብቁት አባት ዘንድ አለ። መቀመጫ ስለሚያንሰን በርጩማ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።