«እርጥበት ይኖራል» ሲባል የቱ ነው የሚረጥበው?

የአየር ትንበያ ስሙ፣ የግብርና ምክር አንብቡ፤ አንድ ቃል አይጠፋም። እርጥበት። የተሻለ እርጥበት ይጠበቃል፣ እርጥበቱን ተጠቀሙበት፣ ምርታችሁን ከእርጥበት ጠብቁ። ቆይ ግን፣ የሚረጥበው የቱ ነው? አየሩ? አፈሩ? ቅጠሉ? ወይስ ጎተራ የገባው እህል?

ችግሩ የሚጀምረው ከትርጉም ነው። ባለሙያው የተማረው በእንግሊዝኛ ነው። እዚያ «ሂዩሚዲቲ» ሲባል በአየር ውስጥ ያለ ተን ነው። «ሞይስቸር» ብዙ ጊዜ አፈር ወይም እህል ውስጥ የገባ ውሃ ነው። «ዌትነስ» ደግሞ ላይ ላዩን ያረፈው ነው። ስሜት የሚለዩ ቃላትም አሏቸው። «ሞይስት» ሲሉ ለኬክ ምስጋና ነው፤ «ዳምፕ» ሲሉ ግን የሚሸት ግድግዳ ይታያችኋል። ወደኛ ሲመጣ ግን ሁሉም «እርጥበት» ተብሎ ያልቃል።

«ታዲያ ምን አለበት?» የሚል ሰው ሆለታ ይምጣ።

ሆለታ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ናት። የግብርና ምርምር ማዕከሏ ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠ የተባሉት የድንች ዝርያዎች የወጡበት ነው። የድንች ትልቁ ጠላት ደግሞ ባለሙያዎች «ሌት ብላይት» የሚሉት፣ ቅጠሉን እሳት እንደነካው አጥቁሮ የሚጨርሰው በሽታ ነው። ከ1845 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አየርላንድን ያስራበው ይኸው ነው። በእኛም ደጋ ብዙ ገበሬ በሽታውን ለመሸሽ ሲል ድንቹን በበልግ ይተክላል።

ይህ በሽታ የሚፈልገው ቀዝቀዝ ያለ አየርና ለሰዓታት ርሶ የሚቆይ ቅጠል ነው። አፈሩ ውስጡ ረጥቦ ቅጠሉ ከደረቀ ለድንቹ መልካም ነው። ዝናቡ ትንሽ ሆኖ ጉሙና ጤዛው እስከ ረፋድ ካልለቀቀ ግን አደጋ ነው። እንደ ማንኮዜብ ያለው መድኃኒት የሚጠቅመው ደግሞ በሽታው ከመግባቱ በፊት ሲረጭ ነው። ታዲያ «እርጥበት ይኖራል» የተባለው ገበሬ ደስ ይበለው ወይስ መርጫውን ይሸከም?

ሌላም አለ። ዋልካ መሬት ላይ ዝናብ ሲበዛ ማሳው ውሃ ይተኛበታል፤ ሥሩ አየር ያጣና ቡቃያው ቢጫ ይሆናል። ያ ገበሬ የሚያስፈልገው መደብ ማውጣትና ቦይ መክፈት ነው። ስንዴ ለማከማቸት ደግሞ በውስጡ ያለው ውሃ ከ12 እስከ 13 በመቶ ገደማ መውረድ አለበት፤ ካልሆነ ይሻግታል፣ ይነቅዛል። የዚህኛው መፍትሔ ፀሐይ ነው። እርጥበቱ አንድ፣ መድኃኒቱ ሦስት!

«አማርኛ ድሃ ስለሆነ ነው» የሚሉ አሉ። አልስማማም። ካፊያና ዶፍ፣ ጉምና ጤዛ ያለው ቋንቋ እንዴት ድሃ ይሆናል? ረጠበ፣ ራሰ፣ በሰበሰ፣ ወረዛ፣ ጨቀየ፤ እያንዳንዱ ልኩ ሌላ ነው። «ማሳው ጠፈፍ ሲል ግቡ» ብትሉት ገበሬው ቀኑን ራሱ ያውቀዋል። ድህነቱ ያለው ሪፖርቱ ውስጥ ነው። የቤት ቃል ለቢሮ የማይመጥን ይመስለናል፤ ስለዚህ ሁሉን የሚሸፍን፣ ማንንም የማያስጠይቅ ቃል እንመርጣለን።

በሆለታ ዙሪያ አብዛኛው ገበሬ የሚያወራው አፋን ኦሮሞ መሆኑንም አንርሳ። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲመጣ የደበዘዘ መልእክት፣ ወደ ኦሮምኛ ሲሻገር አይጠራም። ተርጓሚው ያልተነገረውን ከየት ያመጣዋል?

ስለዚህ ትንበያ ለምትጽፉ፣ ለምትተረጉሙ፣ እኛንም ዜና ሠሪዎቹን ጨምሮ፣ የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። «እርጥበት» ብላችሁ አትቁሙ። የምኑ እንደሆነ ጨምሩ፦ የአየር፣ የአፈር፣ የቅጠል፣ የእህል። ቀጥሎም ምን ይደረግ የሚለውን አንድ መስመር አክሉ። ለእኛ አንድ ቃል መጨመር ነው፤ ለገበሬው ግን የአንድ ክረምት ድካም ነው።