ከሱሪው ጋር ታሪኩም ተቆረጠ

የልብስ ነጋዴዎች አንድ ሱሪ ይዘው ብቅ ብለዋል። ወገቡ ከፍ፣ ባቱ ጠበብ፣ ጫፉ ከቁርጭምጭሚት በላይ ቀረት ያለ ነው። «የድሮ የፈረንሳይ ፊልም ሞድ» ይሉታል፤ ዋጋውንም በዚያው ልክ ይሰቅሉታል። ሱሪውን አንጠላም፤ ያማረ ያምራል። የምንጠላው ተቆርጦ የሚሸጥልንን ታሪክ ነው።

እስቲ ፊልሞቹን እንጠይቅ (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1960 በታየው በዣን ሉክ ጎዳር «አ ቡ ደ ሱፍል» ውስጥ፣ ዣን ሲበርግ አጭር ጠባብ ሱሪ ለብሳ በሻንዜሊዜ ጎዳና ጋዜጣ ትሸጣለች። ፊልሙ በጥቂት ገንዘብ፣ በመንገድ ላይ የተሠራ ነው። ካሜራ አንሺው ራውል ኩታር በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፋ ነበር የሚያነሣው። እንዲህ ባለ ሥራ መካከል የእመቤት ቀሚስ ምን ይሠራል? ዛሬ በውድ የሚቸበቸበው መልክ የተወለደው ከእጥረት ነው!

ይህ እንኳ ይቅር። የባሰው ሌላ ነው። በ1800 የፓሪስ ፖሊስ ሹም፣ ሴት እንደ ወንድ ልልበስ ካለች ከፖሊስ ፈቃድ ታውጣ ሲል አዘዘ። በ1892 እና በ1909 ትእዛዙ ጥቂት ላላ፤ ለማን? የብስክሌት መሪ ወይም የፈረስ ልጓም ለያዘች ሴት ብቻ! ኃይል እንደሌለው የሴቶች መብት ሚኒስትሯ በይፋ የተናገሩት በ2013 ነው። እንግዲህ ሲበርግ በዚያ ጎዳና ስትራመድ፣ በትሩፎም «ዡል ኤ ዢም» (1962) ዣን ሞሮ ሱሪ ታጥቃ፣ ኮፍያ ደፍታ፣ ሪዝ በቀለም ስላ ከሁለት ወንዶች ጋር ድልድይ ላይ ስትሽቀዳደም፣ ፖሊስ የረሳው ያ ወረቀት ገና በይፋ አልተሻረም ነበር።

«እናንተ ደግሞ! ሱሪ ሱሪ ነው፤ ፖለቲካን ምን አመጣው?» የሚለን አይጠፋም። ሱሪ ሱሪ ብቻ ከሆነ የፓሪስን ፖሊስ ምን አስጨነቀው? በኛስ አገር «ሱሪ የታጠቀ» ሲባል ወንድ ማለት የሆነው ለምንድን ነው? ጨርቅ ሥልጣን ሲሸከም የኖረ ነገር ነው። ነጋዴው ይህን ትግል ከጨርቁ ላይ ጠራርጎ፣ የቀረውን «ቄንጥ» ብሎ መልሶ ይሸጥልናል።

እኛ ሱሪ ባንገት አናስወልቅም፤ የወደደ ይልበስ። ግን ያንን መልክ ለማግኘት ኪስ ማራገፍ የለብንም። የአባትን አሮጌ ሱሪ ለሰፈር ልብስ ሰፊ መስጠት፣ ወገቡን ማስጠበብ፣ ጫፉን ማሳጠር ይበቃል። ባላቸው ነገር ፊልም የሠሩትን ሰዎች መምሰል ማለት ይኸው ነው። የምትለብሰውም እኅታችን ይህን ትወቅ፦ ያ አጭር ሱሪ ፈቃድ ሳይጠይቅ ነው አደባባይ የወጣው።