ከሥላሴ አጥር ውጭ የቀሩት

ኒው ዮርክን የጎበኘ ሰው በዎል ስትሪት ራስጌ፣ በብሮድዌይ ጎዳና ላይ የቆመውን የትሪኒቲ ቤተ ክርስቲያን ሳያይ አይመለስም። በእኛ ቋንቋ ስሙ ሥላሴ ነው። ዛሬ የሚታየው ሕንፃ በ1846 የተመረቀ ሦስተኛው ሕንፃ ሲሆን (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ በዐጸዱ ያሉት መቃብሮች ግን ከእርሱ እጅግ ይቀድማሉ። ከመቃብር ድንጋዮቹ ሁሉ ቀዳሚው በ1681 በአምስት ዓመቱ ያረፈ የሪቻርድ ቸርቸር የተባለ ሕፃን ነው። በ1804 በሽጉጥ ግጥሚያ ቆስሎ የሞተው የመጀመሪያው የአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስትር አሌክሳንደር ሃሚልተንም ያረፈው እዚሁ ነው፤ ጎብኚው የሚጎርፈውም በተለይ ወደ እርሱ ነው።

የዚህ ዐጸድ ታሪክ ግን በድንጋዮቹ ላይ ከተጻፈው ይሰፋል። ቤተ ክርስቲያኑ ከእንግሊዙ ንጉሥ ቻርተር የተቀበለው በ1697 ነው። በዚያው ዓመት፣ ወራት እንኳ በቅጡ ሳይቆጠሩ፣ ሰበካ ጉባኤው ጥቁሮች በዐጸዱ ክልል እንዳይቀበሩ ወሰነ። ከደጁ ቁልቁል በሚወርደው በዎል ስትሪት መጨረሻ ላይ ደግሞ ከ1711 ጀምሮ ባሪያ የሚሸጥበትና የሚከራይበት የከተማው ገበያ ነበረ።

«ያለፈውን በዛሬ ሚዛን አትመዝኑ» የሚሉ ወገኖች አሉ። መልካም፤ በዚያው ዘመን ሚዛን እንመዝነው። ከ1704 ጀምሮ ኤልያስ ኖ የተባለ ፈረንሳዊ ስደተኛ በዚያችው ከተማ ባሪያዎችን ትምህርተ ሃይማኖት ያስተምር ነበር። ስለ ሥላሴ የተማረውና የተጠመቀው ሰው ሲሞት ግን በሥላሴ ዐጸድ ሦስት ክንድ መሬት ተነፈገው። ጥምቀትና መቃብር የማይነጣጠሉበት ሀገር ለተወለደ አንባቢ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያሻኝም።

ታዲያ የት ተቀበሩ? በዚያው በብሮድዌይ የሩብ ሰዓት ያህል ወደ ሰሜን ቢሄዱ፣ ያኔ ከከተማው ውጭ በነበረ ጠፍ መሬት ላይ። እዚያም ቢሆን በሰላም አልተተዉም። ከ1712ቱ የባሪያዎች አመፅ በኋላ የከተማው ሹማምንት የጥቁሮችን ጉባኤ ሁሉ ይፈሩ ስለነበር በሌሊት መቅበርን ከለከሉ፤ በ1731 ደግሞ ለቀስተኛው ከ12 እንዳይበልጥ ደነገጉ። ቀብር መንደር ሙሉ ሕዝብ የሚወጣበት ነገር ለሆነብን ለእኛ፣ ለቀስተኛ በሕግ ሲቆጠር ማሰብ ይከብዳል።

መካነ መቃብሩ እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ካገለገለ በኋላ አፈር ተደለደለበት፤ ሕንፃም ተሠራበት። በ1991 የፌዴራሉ መንግሥት የ34 ፎቅ መሥሪያ ቤት ሊያቆም ሲቆፍር አፅሞቹ ተገኙ። ጋዜጦች «የተረሳው መቃብር» አሉት። ይህን ቃል አልቀበለውም። በ1755 የተሣለ ካርታ ሥፍራውን የጥቁሮች መቃብር ብሎ በግልጽ ያሳያል። ባለሥልጣናቱም ካርታውን ያውቁት ነበር፤ የቀደሙት ሕንፃዎች መሠረት አፅሙን አጥፍቶታል ብለው ገመቱና ቀጠሉ። ቁፋሮው የቆመው የከተማይቱ ጥቁር ነዋሪዎች ተቃውሞ አይሎ ጉዳዩ ኮንግረስ ከደረሰ በኋላ ነው።

የ419 ሰዎች አፅም ወጣ። ምርመራውን ያካሄደው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሐኪሙ መላኩ በያን የተማሩበት፣ ለእኛም እንግዳ ያልሆነ ተቋም። ከአፅሞቹ ብዙዎቹ የሕፃናት ናቸው። አብዛኞቹ በሣጥን፣ ተገንዘው፣ ራሳቸው ወደ ምዕራብ ሆኖ ተቀብረዋል፤ አንዲት ሴት ወገቧ ላይ ዶቃ ታጥቃለች። ሰበካ ጉባኤው የነፈጋቸውን ክብር እርስ በርሳቸው ተሰጣጥተዋል።

በ2003 አፅሞቹ ተመልሰው ተቀበሩ፤ በ2006 ሥፍራው ብሔራዊ ሐውልት ተባለ። በእኔ እምነት ይህ ብቻውን አይበቃም። የ1697ቱ ውሳኔ ቃል በቃል በትሪኒቲ በር ላይ ተቀርጾ፣ ሃሚልተንን ሊያይ የመጣ ሁሉ ሲገባ ሊያነበው ይገባል። በአጥሩ ውስጥ የአምስት ዓመቱ ሕፃን ስም ከሦስት መቶ ዓመት በኋላም ይነበባል። ከ419ኙ ግን በስም የታወቀ አንድም የለም፤ ሌሎች በሺህ የሚቆጠሩም እስከ አሁን በመሥሪያ ቤቶቹና በአስፋልቱ ሥር ናቸው።