እርሳሱን የጣልን ሰዎች እንመለስ!



እንደምታውቁት በእኛ ሠፈር ድሮ ሥዕል ይሥሉ የነበሩ ጥቂት ሰዎች አሉ። አንዱ በመምህርነት ዘመኑ በጆንያ ላይ የሰውን የአካል ክፍሎችና የኢትዮጵያን ካርታ እየሣለ የክፍሉን ግድግዳ ይሞላ ነበር። ሌላው የሻይ ቤትና የፀጉር ቤት ታፔላ ይጽፍ ነበር፤ የታተመ ባነር ሲመጣ ብሩሹን ሰቀለ። የቀረነው ደግሞ በተማሪነታችን የደብተራችንን ጀርባ በመምህራን መልክ እያጠቆርን ቆይተን፣ ትዳርና ኑሮ ሲመጣ «ይኼ የልጅ ጨዋታ ነው» ብለን የተውን ነን። ይህን የምንጽፈው እኛው ነን። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ካለፈው ክረምት ወዲህ፣ የሰው መልክ ወደ መሣል ተመልሰናል።

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ቀን አሳፍሮናል። እጃችን ደርቋል። የባሰው ግን የዐይናችን መስነፍ ነው። የምናየውን ሳይሆን የምናውቅ የሚመስለንን ነበር የምንሥለው። ለምሳሌ ያህል ዐይንን ወደ ግንባር አስጠግተን ሰቀልነው። በክር ስንለካው ግን የሰው ዐይን ከአናት እስከ አገጭ ባለው ርቀት መካከል ላይ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱሳን በሁለት ዐይን፣ ክፉዎች በአንድ ዐይን ይሣላሉ፤ እዚያ የሚፈለገው ትርጉሙ ነው። የጎረቤትን መልክ መሣል ግን ቁጭ ብሎ ማየትን ይጠይቃል።

አንዲት የሠፈራችን እናት ፈቅደው ተቀመጡልን። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ በአዊኛ የድሮውን እያጫወቱን ሣልናቸው። ወረቀቱን ስናሳያቸው ዝም አሉና፣ «ይቺ እኔ አይደለሁም፤ ሟች እኅቴ ናት» አሉ። እኛ ተሳስተን ነበር፤ እርሳቸው ግን ሥዕሉን አልመለሱልንም። ለካ እኅታቸው አንድም ፎቶግራፍ ሳይኖራቸው ነው ያለፉት።

ይህ ነገር እንቅልፍ ነሣን። ስንቱ ሽማግሌያችን ነው ከመታወቂያ ፎቶ በቀር ምንም ሳይተው የሚሄደው? ለቅሶ ላይ ያችኑ ትንሽ ፎቶ አሳድገን፣ ፊቱ ደብዝዞ፣ «እንዲህ አልነበሩም እኮ» እያልን አይደለም ወይ የምንቀመጠው?

«ስልክ እያለ ሥዕል ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። ስልክን አንጠላም። ነገር ግን ስልክ በቅጽበት አንሥቶ ይሄዳል፤ የሚሥል ሰው ግን አብሮ ይቀመጣል፣ ያዳምጣል። ሽማግሌዎቻችን ያጡት ፎቶ አንሺ ሳይሆን አጠገባቸው አንድ ሰዓት የሚቀመጥ ሰው ነው።

«ወጪው ከየት ይመጣል?» ለሚሉም መልስ አለን። በባንጃም ሆነ በፋግታ ለኮማ ዲከረንስ እየተከልን ከሰል የምናከስል ሕዝብ፣ የሥዕል ከሰል ቸገረኝ ማለት አይገባንም። ቀጫጭን እንጨት ልጦ በቆርቆሮ ጣሳ መጠቅጠቅ፣ ክዳኑን በምስማር በስቶ እሳት ላይ መጣድ፣ ጢሱ ሲያልቅ አውርዶ ሳይከፍቱ ማቀዝቀዝ ነው። ከሳዩ ጉድጓዱን አፈር የሚያለብሰው አየር እንዳይገባ አይደል? ይኼም ያው ነው። ላጲስ ቢጠፋ የዳቦ ልብ ያጠፋል። በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ሠዓሊ ለማ ጉያ በአየር ኃይል ያገለገሉ ሰው ነበሩ፤ ስማቸው የታወቀው ግን በፍየል ቆዳ ላይ በሣሏቸው የሰው መልኮች ነው። ቆዳ በየጓሮው ያለ ነገር ነው፤ እርሳቸው ግን አከበሩት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። እሑድ ከሰዓት በኋላ የማኅበሩ አዳራሽ እንዲከፈትልን ጠይቀን ነበር። አንዳንድ አባሎቻችን «አዳራሹ ለስብሰባና ለዕድር ጉዳይ እንጂ ለሥዕል አልተሠራም» ብለዋል። አስተያየታቸውን እናከብራለን። ይሁን እንጂ ለሞተ ሰው የሚከፈት አዳራሽ፣ ሰውየው በሕይወት ሳለ ለሁለት ሰዓት ቢከፈትለት ምን ይጎዳል? ወንበሩን መልሰን፣ የከሰሉን ዱቄት ጠርገን እንደምንወጣ ቃል እንገባለን።

ስለዚህ ኮሚቴው ጉዳዩን እንደገና እንዲያየው እናሳስባለን። ከእናንተም መካከል እርሳስ የጣለ ካለ፣ እጄ ደርቋል ብሎ አይፈር፤ የእኛም ደርቆ ነበር። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ቤታችሁ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ያሏችሁ ደግሞ ይዛችኋቸው ኑ። ሥዕሉ የተሣለው ሰው ነው፤ ዋጋ አንጠይቅም። ያላማረ ቢሆን እንኳ እንደዚያች እናት፣ ማንን እንደሚመስል ማን ያውቃል?